እናቴ «ሳላየው አላለቅስም» አለች

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ወንድሜ ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ስድስት ዓመት ሠርቷል። ጦርነቱ ሲነሳ ዛሬ ነገ እያለ ሳይወጣ ቀረ፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በቅርቡ አብሮት ይኖር የነበረ ልጅ ወጥቶ ጎንደር ገብቷል፤ እሱ ነው የደወለልን። ቤታቸው አጠገብ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ወንድሜ እንደሞተ፣ መቃብር ቦታ ድረስ መሄድ ስላልተቻለም ግቢው ውስጥ እንደቀበሩት ነገረን። አባቴ «አንዴ ተቀብሯል፤ አላህ ይዘንለት፣ እዚያው ይረፍ» ይላሉ። እናቴ ግን «ሳላየው አላለቅስም» ብላ መርዶውን አልቀበል አለች። ድንኳን አልተጣለም፣ ሊያጽናና የሚመጣ ሰው ሁሉ አፍሮ ይመለሳል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው «አስከሬኑን አውጥቼ በመተማ አስገባላችኋለሁ፣ 300 ሺህ ብር ነው፣ ግማሹን ቀድማችሁ ላኩ» እያለን ነው። የወንድሜ ሚስትም ከነልጇ እኛው ጋ ናት። ምን እናድርግ?
እህቱ

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ። አላህ ይዘንለት፣ ለእናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ።

ብሩን አትላኩ። እባካችሁ። የተቀበረን ሰው አውጥቶ ድንበር ለማሻገር ከዚያ አገር ባለሥልጣን መቃብሩ እንዲከፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ የጤና ወረቀት፣ የታሸገ ሳጥን፣ የኤምባሲያችን ደብዳቤም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ወይም የማያነሳ ሰው በሌሊት አንድ ሳጥን ይዞ መተማ ቢደርስላችሁ እንኳ፣ ውስጡ ያለው የማን አጥንት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? እናትሽ ሌላ እናት የምትፈልገውን ልጅ ጅማ ላይ ቢቀብሩስ? ይህን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራላችሁ የወንድምሽ ስም እንዳይጠፋ ነው። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው፤ በዚያን ጊዜ ካርቱም ውስጥ የሞተ ሰው በየግቢው፣ በየመስጊዱ፣ በየመንገዱ ዳር ነው የተቀበረው። የሱዳን ጦር ከተማዋን በመጋቢት 2017 መልሶ ከያዘ በኋላ እንዲህ የተቀበሩትን እያወጡ ወደ ሕዝብ መቃብር ማዛወር ተጀምሯል። ስሙን የሚናገርለት ሰው ያለው በስሙ ይዛወራል፣ የሌለው ግን ማንነቱ እንዳልታወቀ ሰው ይመዘገባል። ስለዚህ አስከሬኑ ይምጣ አይምጣ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉትና የት እንዳለ አስመዝግቡ።

መነሻችሁ ጎንደር ያለው ልጅ ነው። ሳይረሳ ሁሉንም ጠይቁት። የቤቱ ባለቤት ማን ነው? ከጎረቤት የተመለሰ አለ? የተቀበረው ግቢው በየትኛው በኩል ነው፣ በምን ተከፍኖ፣ በየትኛው ቀን? ማን አጠበው፣ ማን ሰገደበት? ድምፁን ቅዱት። የቤቱን ቦታ በስልኩ ካርታ ላይ ያሳያችሁ። ካርቱም የተመለሰ ጎረቤት ከተገኘ ደግሞ በቆርቆሮ ላይ ስሙን በዓረብኛም በአማርኛም ጽፎ ይትከልበት፣ ፎቶም አንስቶ ይላክላችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ነገ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ የሚያነቡት እሱን ነው።

ከዚያ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጅማ ቅርንጫፍ ሂዱና «የጠፋ ቤተሰብ ማፈላለግ» በሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ጥያቄያችሁ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኩል እዚያ ላሉት፣ ለሱዳን ቀይ ጨረቃም ይደርሳል። ስትሄዱ ፎቶውን፣ የፓስፖርቱን ኮፒ፣ የጎንደሩን ልጅ ስልክ ቁጥር ያዙ። የተሰበረ አጥንት፣ የተነቀለ ጥርስ፣ ጠባሳ ካለውም ንገሯቸው። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እናንተ ግን መዝገብ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው።

ስሙን ስትሰጡ ቤት የምትጠሩትንም ፓስፖርቱ ላይ ያለውንም ስጡ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከአንድ ጎረቤቴ ጋር የእህቷን አስከሬን ልንቀበል ቦሌ ካርጎ ሄደን፣ ልጅቷ የወጣችበት ስምና በሞት ወረቀቷ ላይ የተጻፈው አልገጥም ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሳጥኑ እዚያው ቆመ፣ እኛም እዚያው። በሦስተኛው ቀን በወልቂጤ አድርገን ጊቤን ስንሻገር መሽቶ ነበር፤ ጎረቤቴ መንገዱን ሙሉ የእህቷን የቤት ስም እየጠራች ታለቅስ ነበር። ያ ስም አንዱም ወረቀት ላይ አልነበረም።

ሞቱ በሕግም መመዝገብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ውጭ አገር የሞተ ኢትዮጵያዊ የሚመዘገበው በኤምባሲና በቆንስላ ነው፤ የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያለውን የቆንስላ ክፍል ጠይቁ። ይህ በተለይ ለሚስቱ ነው። ኢዳዋም (ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ)፣ የልጇ ውርስም፣ ወደፊት ትዳር ብትፈልግም በዚህ ላይ ነው የቆመው። ማስረጃ ጨርሶ ቢታጣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ማመልከት ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትንም አማክሩ፤ የምታቀርቡት ምስክር አላችሁና።

አባትሽ የሚሉት ብዙ ዑለማዎች የሚሉት ነው፤ ሟች በሞተበት አገር ይቀበራል፣ መቃብሩም ያለ አስገዳጅ ምክንያት አይቆፈርም። ከግቢ ወደ መካነ መቃብር ሲዛወር ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ የመስጊዳችሁን ሼኽ ጠይቁ። ስለ ሰላተል ጋኢብም፣ አስከሬኑ በሌለበት ለሟች ስለሚሰገደው ሰላት፣ ጠይቋቸው። መዝሃቦች (የእስልምና ሕግ ፈለጎች) የሚለያዩበት ነው፣ ግን መነሻው የእኛው አገር ንጉሥ ናቸው። ነጃሺ ሐበሻ ምድር ላይ ሲሞቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው ነው የሰገዱባቸው። ይህን ለእናትሽ ሼኹ ራሳቸው ቁጭ ብለው ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

እናትሽ አመፁ ብዬ አላስብም። በስልክ የመጣ ወሬ ነው የደረሳቸው፣ ልጄ ሞተ ብለው የሚጨብጡት ነገር የለም። ለዚያ ሰውዬ ልትልኩ ካሰባችሁት ላይ ትንሹን ወስዳችሁ የጎንደሩን ልጅ ጅማ አምጡት። የመኪናውን ክፈሉለት፣ እናንተ ጋ ይደር። እናትሽ ፊት ይቀመጥና በእጁ እንዴት እንዳጠበው፣ በምን እንደከፈነው፣ መጨረሻ ምን እንዳለ ይንገራቸው። የወንድምሽ ልብስ ወይም ስልክ እጁ ላይ ካለ ይዞ ይምጣ። የሚጠይቁትን ሁሉ ይጠይቁት፣ ደጋግመውም ቢሆን። አትቸኩሉ፣ ማንም «በቃ» አይበላቸው። ድንኳኑን ሲፈቅዱ ትጥላላችሁ። እድራችሁንም አስከሬን ሳይመጣ ደንቡ ምን እንደሚል ከአሁኑ ጠይቁ፤ አንዳንዱ እድር ምስክር ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ በኤጀንሲ ሊባኖስ ሄዳ በቦምብ ድብደባ ሞተች። አስከሬኗ ቤሩት ሆስፒታል ነው። ኤጀንሲው «ጦርነት ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አለን። እውነት ነው?
ከጅማ፣ ጅሬን

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። አይደለም፣ ይመለከታቸዋል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን ኤጀንሲውና አሠሪዋ በአንድነትም በነጠላም ኃላፊ ናቸው። ኮንትራቷን ይዛችሁ ጅማ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቃል ብቻ ተናግራችሁ እንዳትመለሱ። ጎን ለጎን ቤሩት ያለው ቆንስላችን ስሟንና የሆስፒታሉን ስም ይወቅ። ያልተከፈለ ደመወዟንና ኢንሹራንሷን ሳትጠይቁ «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ሳጥኑ ሳይታሸግ በፊት የሚያውቃት ሰው ፊቷን ይይ፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ መክፈት ከባድ ነው። አስከሬኑ የሚወጣው በቦሌ ካርጎ በኩል ነው፣ ከዚያ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። መኪናውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የምትቀበለውም የቅርብ ዘመድ መታወቂያዋን ይዛ ትሂድ።