እምቦጭ አክስለን ግራፊን እንሽጥ? (የአንባቢ ጥያቄ)

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ባህር ዳር ነው ያለሁት። ታናሽ ወንድሜ ፖሊ ነው የሚማረው፣ በቀደም ቤት መጥቶ ሰዎች በግራፋይትና በፕላስተር ኖቤል ወሰዱ ሲለን ስንስቅበት አመሸን። አሁን ደሞ አንድ ጓደኛው የጣናን እምቦጭ አክስለን ግራፊን እንሸጣለን ብሎት ብር አዋጡ እያለን ነው። ያዋጣል ወይስ ልጁ እየተሸወደ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቁት፣ እውነቱን ነው። ጌይምና ኖቮሴሎቭ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ እያሉ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ካርበን) ላይ ፕላስተር እየለጠፉ ሲልጡ ሲልጡ የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ያለው ካርበን አገኙ፣ ግራፊን የሚባለው ይሄ ነው፣ በፈረንጆች 2004 አሳተሙት፣ 2010 ላይ የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። የሚላጠው ለምን መሰለሽ፣ አንድ ሌየር (ንብርብር) ላይ ያሉት አተሞች እርስ በርስ ክፉኛ ተያይዘዋል፣ ሌየር ከሌየር ጋር ግን ለስሙ ነው የተጣበቀው፣ እንደ ካርታ ይንሸራተታል፣ እርሳስም ወረቀት ላይ የሚጽፈው በዚሁ ነው። 1 ሚሊሜትር ግራፋይት ውስጥ 3 ሚሊዮን ገደማ ሌየር አለ!

እኔን ግን ከመላጡ በላይ የሚገርመኝ ማየታቸው ነው። አንዱ ሌየር የሚያስቀረው ብርሃን 2.3 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ግን ላዩ 300 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ኦክሳይድ የለበሰ ሲሊከን ላይ ሲያርፍ በተራ ማይክሮስኮፕ ፈዘዝ ያለ ጥላ ሆኖ ይታያል።

ወደ እምቦጩ ስንመጣ፣ ከ90 ፐርሰንት በላይ ውሃ ነው፣ ማድረቁ ራሱ አንድ መከራ ነው። ስታከስይው የሚወጣውም ያው ከሰል ነው፣ ካርበኑ ዝብርቅርቅ ያለ፣ የሚላጥ ሌየር የሌለው። ሙቀት ጨምረን ግራፋይት እናደርገዋለን ካሉሽ ደሞ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን (ያቺ የዲኤንኤዋ) 1951 ላይ አንዳንዱ ካርበን 3000 ዲግሪ ላይ እንኳ ግራፋይት እንደማይሆን አሳይታለች፣ የእንጨት ከሰልም ከዚሁ ወገን ነው። ቤት ሞክሪው፣ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ወፍራም መስመር ደጋግመሽ አስምሪና በቴስተር ለኪው፣ ከረንት ያስተላልፋል፣ የምድጃ ከሰል ላይ ግን ቴስተሩ ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው።

የእምቦጭ ከሰል ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም፣ በኬሚካል አክቲቬት ሲደረግ ጥቃቅን ቀዳዳው ይበዛና ቀለምና አንዳንድ ብረቶችን ከውሃ ውስጥ ይይዛል፣ ይሄ ቢሰራበት ደስ ይለኛል፣ ግን በግራፊን ዋጋ የሚገዛሽ የለም።

ብር ከማዋጣትሽ በፊት የወንድምሽን ጓደኛ የራማን ውጤት (ሌዘር አብርቶ የካርበኑን ዓይነት በግራፍ የሚያሳይ የላብራቶሪ ምርመራ) አሳየን በይው። የነጠላ ሌየር ግራፊን ከሆነ ግራፉ ላይ 2700 ቁጥር አካባቢ ያለው ጫፍ 1580 አካባቢ ካለው በግልጽ ይበልጣል፣ ከሰል ከሆነ ደሞ 1350 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ያወጣል። ግራፉን ማንበብ ወንድምሽን አያቅተውም፣ ጓደኛው አላሳይም ካለ ብርሽን እንዳትነኪው።