ልጃችሁን በረዶ ላይ ለሚያስገባው ቡድን ስጡ

በቀደም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። በደብሊው ኤች ኤል፣ በምዕራቡ የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ቡድኖች ልጆችን በሚመርጡበት ድራፍት ስሙ ተጠርቷል። "ዋንጫ የለመደ ቡድን ነው የወሰደው፤ እንፈርማለን አይደል?" አለኝ። አትቸኩል አልኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብተን፣ ማሞቂያውን ከፍተን ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ማታ ቤት ስገባ ይሄን ነገር ለሌሎቻችሁም መጻፍ አለብኝ አልኩ። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ፣ ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሆኪ የሚጫወት ሁሉ፣ እስቲ ስሙኝ።

እኔ ስለ ሆኪ ምንም አላውቅም ነበር። ያደግኩት በጨርቅ ኳስ ነው። ካልጋሪ መጥቼ የጭነት መኪና እየነዳሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ትልቁ ልጄ በሰባት ዓመቱ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሄዶ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አጠለቀና በቃ፣ ሌላ ነገር አልታየውም። ከዚያ ወዲህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ መኪና ማሞቅ፣ ያንን ላብ ላብ የሚሸት ግዙፍ ቦርሳ መጎተት፣ አሪና ውስጥ ቡና ይዞ መንቀጥቀጥ ኑሯችን ሆነ። ልጄ ጁኒየር ተጫውቶ ጨርሷል። ያጠፋነውም፣ ያገኘነውም ትዝ ይለኛል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ገና ከመጀመሪያው ነው። ጁኒየር ማለት ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት ደረጃ ነው። ካናዳ ውስጥ ከላይ ያለው ሲኤችኤል ሲሆን ሥሩ ሦስት ሊጎች አሉ፤ በምዕራቡ ደብሊው ኤች ኤል፣ በኦንታሪዮ በኩል ኦኤችኤል፣ በምሥራቁ ደግሞ የኩቤኩ ሊግ። ከእነሱ ዝቅ ብለው ጁኒየር ኤ የሚባሉት አሉ። አሜሪካ ውስጥ ዩኤስኤችኤል ይቀድማል፣ ኤንኤኤችኤል ይከተላል። በድራፍት ልጁ ቡድኑን አይመርጥም፤ ቡድኑ ነው ልጁን የሚመርጠው። ግን ስሙ ተጠራ ማለት ተፈራረመ ማለት አይደለም። ቡድኑ ያገኘው በዚያ ሊግ ውስጥ ልጁን የማስፈረም መብት ብቻ ነው። እናንተ እንቢ ማለት ትችላላችሁ። ዓመት መጠበቅ ትችላላችሁ። ጁኒየር ኤ ይጫወት ማለት ትችላላችሁ። ይሄን ሳናውቅ ነው እንደ ዲቪ የደረሰን መስሎን እልል የምንለው።

እኛም እልል ብለን ፈርመናል። ቡድኑን አልጠራውም፣ ጠንካራ ቡድን ነበር። ጄኔራል ማናጀሩ ቤታችን ድረስ መጣ፣ ባለቤቴ ያፈላችውን ቡና ጠጣ፣ "ልጃችሁ በዕቅዳችን ውስጥ ነው" አለ። ዕቅድ ሲባል ዘንድሮ ይሁን ከሦስት ዓመት በኋላ አልጠየቅነውም። ኅዳር ላይ እናቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ፣ አምስት ሰዓት ነድተን ልናየው ሄድን። ቡድኑ ሊያሟሙቅ ወጣ። የልጃችንን ቁጥር ፈለግን፣ የለም። ዞር ስል ከኛ ሦስት ረድፍ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ እጁ ላይ የፈንዲሻ ካርቶን ይዞ። "አባዬ፣ ዛሬም አልገባሁም" አለኝ። "ዛሬም" ያላት ቃል ናት የወጋችኝ። በየሳምንቱ ስልክ ስንደውል ደህና ነኝ ይለን ነበር።

ነገሩ ከባድ ሒሳብ አልነበረም፣ እኛ ነን ያላሰብነው። ለአንድ ጨዋታ የሚሰለፉት 18 ተጫዋችና ሁለት በረኛ ናቸው። ዋንጫ የሚፈልግ ቡድን የ18፣ የ19 እና የ20 ዓመት ጎረምሶቹን ነው የሚያጫውተው። የ16 ዓመት ልጅ እነዚያን አልፎ ነው የሚገባው፤ ቢገባም አራተኛ ላይን ላይ፣ በተራ ከሚገቡት የአጥቂ ቡድኖች በመጨረሻው፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልጅ ደግሞ የሚያድገው ፐኩን፣ ያችን የሆኪ ጠፍጣፋ ጎማ፣ ነክቶ፣ ተሳስቶ፣ ተመልሶ ገብቶ ነው። ከላይ ተቀምጦ እያየ ያደገ ተጫዋች እኔ አላየሁም።

ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። የዝነኛውን የሆኪ ተጫዋች የጃሮም ኢጊንላን ልጅ ቲጅን ተመልከቱ። ጃሮም አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፣ የተወለደው ኤድመንተን፤ ካምሉፕስ ብሌዘርስ ውስጥ ሆኖ በ1994 እና በ1995 የሲኤችኤልን ዋንጫ ሜሞሪያል ካፕን አነሳ፣ ከዚያ የካልጋሪ ፍሌምስ አምበል ሆነ፣ በ2020 ለሆኪ የዝና አዳራሽ ተመረጠ። ልጁ ቲጅ ሲያትል ተንደርበርድስ ገባ። በ2022-23 ሲያትል በኮከብ የተሞላ ነበር፣ የሊጉንም ዋንጫ ወሰደ። ልጁ ግን በዚያ የውድድር ዓመት ያስቆጠረው 6 ጎል ነበር። በ2023 ወደ ኬሎውና ሮኬትስ ተዛወረ። እዚያ ሰፊ ቦታ ተሰጠው፣ በአንድ ዓመት 47 ጎል አገባ፣ በ2024 ዩታ በትልቁ የባለሙያዎች ሊግ፣ በኤንኤችኤል ድራፍት በስድስተኛነት መረጠው። በእርግጥ ልጁ ራሱ አድጓል፣ አንድ ዓመት ለዚያ ዕድሜ ብዙ ነው። ግን እግሩ በረዶ ላይ ባይቆይ ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ሌላም አለ። የኤንኤችኤሉ ኮከብ ተከላካይ ኬል ማካር የኛው የካልጋሪ ልጅ ነው። የደብሊው ኤች ኤሉ ሜዲሲን ሃት ታይገርስ በድራፍት ወስዶት ነበር። እሱ ግን ጁኒየር ኤ ሄዶ ለብሩክስ ባንዲትስ ተጫወተ። ብሩክስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የሥጋ ፋብሪካው ያለበት ትንሽ ከተማ ነው፣ ብዙ ያገራችን ሰው ሠርቶበታል። በ2017 ኮሎራዶ በአራተኛነት መረጠው፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ተጫወተ። ዝቅ ያለ ሊግ ገባ ብሎ ያዘነለት ሰው ካለ ዛሬ የት እንዳለ ይይ።

ማካር ያኔ ያን መንገድ የመረጠበት ሌላም ምክንያት ነበር፣ እሱ አሁን ተለውጧል፤ ይሄን በደንብ አንብቡት። ድሮ ልጁ በሲኤችኤል ከተጫወተ አሜሪካ ውስጥ በኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ መጫወት አይችልም ነበር፤ እንደ ባለሙያ ተጫዋች ነበር የሚቆጠረው። ኤንሲኤኤ ኅዳር 2024 ላይ ደንቡን ቀየረ፣ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሩ ተከፈተ። እንዲያውም ወጣቱ ኮከብ ጋቪን ማኬና በዚያው ዓመት ከሜዲሲን ሃት ተነስቶ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስለዚህ "ደብሊው ኤች ኤል ከፈረመ ዩኒቨርሲቲው ቀረ" የሚላችሁ ሰው የድሮውን ነው የሚነግራችሁ። ጉዳቱም ግን ይታያችሁ። አሁን የኮሌጅ አሰልጣኝ በሲኤችኤል የበሰለ የ20 ዓመት ተጫዋች ማግኘት ይችላል፤ ለኛ የ18 ዓመት ልጅ ቦታው ጠቧል። ስለዚህ 16 እና 17 ዓመቱን ተቀምጦ ማባከን ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ነው የሚጎዳው።

ትምህርቱን አደራ። ኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ይቆጥራል፤ ቆጠራው ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። አንዳንድ ቡድን ልጁ በአውቶቡስ ሲንከራተት ቀላል ቀላሉን ትምህርት አስይዞ ያስጨርሰዋል። ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ስልኩን ተቀበሉ፣ ራሳችሁ ደውሉ። ደብሊው ኤች ኤል ውስጥ ልጁ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያና መጻሕፍት ይሸፈንለታል። የኔ ልጅ ዛሬ በዚህ ነው የሚማረው። ግን የመጠቀሚያ ጊዜ ገደብ አለው፣ በሙያ ደረጃ ከፈረመም ነገሩ ይለወጣል። ውሉን በእጃችሁ ይዛችሁ ቃል በቃል አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ማፈር የለም፣ ጠበቃ የሆነ የወገን ልጅ አይጠፋም።

ጥር ላይ ልጄ ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረ። ትንሽ ከተማ ነው፣ ደረጃው ከታች ነበር። አሰልጣኙ ደወለልኝ። "ሦስተኛ ላይን ላይ አስገባዋለሁ። ይሳሳታል። ሲሳሳት ቁጭ አላደርገውም፣ በሚቀጥለው ተራ መልሼ እልከዋለሁ" አለኝ። ዋንጫ አላለኝም፣ ኤንኤችኤል አላለኝም። እንዳለውም አደረገ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ በራሱ ስህተት ጎል ተቆጠረበት፤ እኔ ቤት ሆኜ በስክሪን እያየሁ ልቤ ቀጥ አለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያው ቁጥር በረዶው ላይ ሲወጣ አየሁት። ያን ቀን አለቀስኩ።

እናቱን ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ልጁ የሚያድረው ቢሌት በሚሏቸው ተቀባይ ቤተሰብ ቤት ነው። "የ16 ዓመት ልጄን ለማላውቀው ሰው?" ብላ ሌሊት አትተኛም ነበር። እውነቷን ነው። በመጀመሪያው ቤት ማታ ሲመጣ ሰው የለም፣ ፍሪጁም ባዶ ነበር። ሁለተኛው ቤት ስንሄድ ሴትዮዋ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ "ምን ይበላል? ምን አይበላም?" አለችን። ጾማችንን አስረዳናት። በወሩ ስንመለስ ፍሪጇ ላይ በእጇ ጽፋ ለጥፋለች፤ ረቡዕ ሥጋ የለም፣ ዓርብ ሥጋ የለም። ምስር ወጥም ተምራ ነበር፣ በርበሬው ቢያንሰውም። በጨዋታ ወራት እንዴት እንደሚጾም ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ራሱ ተነጋገረ፣ እኛ አልገባንበትም። ቡድኑ ቤተሰቡን ሳያስተዋውቃችሁ ፈርሙ ካላችሁ አትፈርሙ።

ስለ መንገዱ ደግሞ እኔ ሹፌር ስለሆንኩ ዝም አልልም። በደብሊው ኤች ኤል ከፕሪንስ ጆርጅ ቅርብ የሚባለው ተጋጣሚ ካምሉፕስ ነው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። በክረምት፣ በሌሊት። አፕሪል 6 ቀን 2018 ሳስካቸዋን ውስጥ የሀምቦልት ብሮንኮስ አውቶቡስ የቁም ምልክት ከጣሰ ከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው ሞቷል፣ 13 ቆስሏል። አልበርታም በ2019 ለአዳዲስ የከባድ መኪና ሹፌሮች የግዴታ ሥልጠና አመጣች። ያን ሳምንት እኔ ጭነት ላይ ነበርኩ፣ መሪው እጄ ላይ ከብዶኝ ነበር። ስለዚህ ጠይቁ። አውቶቡሱ ቀበቶ አለው? ልጆቹ ያስሩታል? መንገዱ ሲከፋ ያድራሉ ወይስ ይነዳሉ?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው። ሲኤችኤል ራሱ ያስጠናው በጃንዋሪ 2022 የወጣ ሪፖርት ማዋረድና ማንገላታት እንደ ባህል ተቆጥሮ መቆየቱን ተናግሯል። የኛ ልጅ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ነው። ለአሰልጣኙ በግልጽ "ልጄ በቀለሙ ቢሰደብ በዚያኑ ቀን ምን ታደርጋለህ?" በሉት። የመጀመሪያው አሰልጣኝ "እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለን። ሁለተኛው ከዚህ በፊት ተከስቶ ያደረገውን ነገረን። ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ገንዘብ ተቀብሎ "ቡድን አስገባላችኋለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ዝጉ። በዩኤስኤችኤልም ሆነ በሲኤችኤል ለመጫወት ቤተሰብ አይከፍልም።

እና ያን አባት እንዲህ አልኩት። በጨዋታ ቀን አትሂድ፣ በጨዋታ ቀን ሁሉም ያምራል። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሂድ። ልምምዱ ሲያልቅ ቁጭ በል። ቅዳሜ ያልተሰለፉት ልጆች በረዶው ላይ ሲቀሩ ከእነሱ ጋር የሚቀር አሰልጣኝ አለ ወይስ ሁሉም ቡናቸውን ይዘው ይገባሉ? እሱን እይና ደውልልኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከልጁ ጋር ይሄዳሉ። ወንበሩ እንደ በረዶ ስለሆነ ጋቢ ይዘህ ሂድ ብዬዋለሁ።