ከጤና ጣቢያ ወደ ምርምር

ጥያቄ፦ መተማ አካባቢ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ምርምር መማር እፈልጋለሁ፣ መክፈያ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቲዲአርን (TDR፣ የሐሩር ክልል በሽታዎች ምርምርና ሥልጠና ልዩ ፕሮግራምን) እዪው። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ወባና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ባሉ የድሃ በሽታዎች ላይ የሚሠራ፣ መቀመጫው ዓለም ጤና ድርጅት የሆነ ፕሮግራም ነው። ለማስተርስ የትምህርት ክፍያውን፣ ጉዞውንና ኑሮሽን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ አለው። ብዙዎች ጄኔቫ ወዳለው ቢሮው ይጽፋሉ፤ ማመልከቻው የሚገባው ግን በቀጥታ ለሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ለምሳሌ ለጋና ዩኒቨርሲቲ። ትኩረቱ የትግበራ ምርምር ነው፣ ማለትም መድኃኒቱ እያለ ለምን ሰው ጋ አይደርስም የሚለው። ይህን ደግሞ አንቺ በየቀኑ እያየሽው ነው! የካላዛር ታማሚ ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ ዛሬውኑ መመዝገብ ጀምሪ። ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሊሽማንያ (ካላዛርን የሚያመጣው ተዋሲ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል ሄደሽ፣ ሐሳብሽን የሚያይልሽ ተመራማሪ ጠይቂ፤ አትፍሪ።