በምኒልክ ብር ላይ ያለ መስመር፦ የቀረጻ ስህተት ወይስ ጉዳት?

ጤና ይስጥልኝ። ከአያትዎ በወረሱት የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ላይ ከአንበሳው ጀርባ እስከ ጠርዙ የሚዘልቅ ቀጭን መስመር እንዳለ፣ አንዳንድ ፊደሎቹም ድርብ ሆነው እንደሚታዩ፣ አንድ ነጋዴ ግን «የተጎዳ ነው» ብሎ በብርነቱ መዝኖ ሊገዛዎት እንደፈለገ ጽፈው፣ ስህተቱ ከጉዳት በምን እንደሚለይ ጠይቀዋል። እኔም በዚያው ዓመት ብር ይህንኑ ስላየሁ፣ እኔን የደረሰኝ እርስዎን እንዳይደርስዎ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

1. መስመሩ ከገጹ ከፍ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ? ቁልፉ ይህ ነው። ሳንቲም የሚቀረጸው በሁለት ጠንካራ የብረት ቅርጾች መካከል በኃይል ተመትቶ ነው፤ ቅርጹ ምት በዝቶበት ሲሰነጠቅ የሚመታው ብር ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ፣ በሳንቲሙ ላይ የሚቀረው ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። በኋላ የመጣ ጭረት ግን ብሩን እየገፋ ወደ ውስጥ ይቦረቡራል፣ የተገፋውንም ብር በዳርና በዳሩ ይተዋል። በጣት መዳሰስ አያስፈልግም፤ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ አድርገው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ከፍ ያለ መስመር ወደ ብርሃኑ በዞረው ጎኑ ያበራል፣ በማዶው ጥላ ይጥላል፤ የጎደጎደው ግን ተቃራኒውን ያሳያል።

2. ይመዝኑት። የምኒልክ ሙሉ ብር ሲቀረጽ 28.075 ግራም ነበር፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ የብሩም ጥራት ከ1000 እጅ 835 ነው። በእጅ ብዛት ያለቀ ብር ትንሽ ይቀልላል፤ ብዙ የጎደለ ከሆነ ግን ጠርዙን ዙሪያውን ይመርምሩ። በአገራችን ብርና ማርትሬዛ (የድሮው የኦስትሪያ ብር) በአንገት ሲንጠለጠል ስለኖረ፣ ማንጠልጠያው ተነቅሎ የብየዳው ቦታ በሞረድ የተስተካከለበት ብር ብዙ ነው። ይህ ጉዳት እንጂ የቀረጻ ስህተት አይደለም፤ ቀዳዳውን በብር የደፈኑበትም እንዲሁ።

3. ማንም ሰው እንዲያጸዳልዎ አይፍቀዱ። እኔ ብሬን ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ይዤ ስሄድ ባለሱቁ ማጉያ እንኳ ሳያነሣ «ይህ የተሰነጠቀ ዕቃ ነው፣ ማን ይገዛሃል?» አለኝ፤ ገና መልስ ሳልሰጠው እውነተኛ ብር መሆኑን ላረጋግጥ ብሎ በእርጥብ ጨርቅና በነጭ ዱቄት የምኒልክ ምስል ያለበትን ገጽ ፈተገው። ፈቃድ አልጠየቀም፣ ይቅርታም አልጠየቀም፤ እንዲያውም «አሳመርኩልህ» አለኝ። በአንድ ጊዜ ፍተጋ የዘመናት ጥቁረቱ ሄደ፣ በምትኩ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጸጉር የሚያህሉ ጭረቶች ቀሩበት፤ እነዚህም ከእንግዲህ በምንም አይጠፉም። ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ኋላ ላይ ሳንቲም በመሰብሰብ የኖሩ አዛውንት አንበሳው ባለበት፣ ባልተነካው ገጽ ያለውን መስመር አይተው የቅርጽ ስንጥቅ መሆኑን ወዲያው አረጋገጡልኝ፤ እኔም ቤቴ ተቀምጬ በብርሃንና በማጉያ የደረስኩበት ይኸው ስለነበር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ምስሉ የተፈተገ ቢሆንም ከሱቁ ዋጋ በእጅጉ የበለጠ ከፍለው ወሰዱት፤ ፍተጋው ባይኖር ደግሞ ምን ያህል ይጨምሩ እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ፤ ያ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ድርብ የመሰሉትን ፊደሎች በተመለከተ፣ ሁለተኛው ጥላ ጠፍጣፋና እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ከሆነ ቅርጹ በምቱ ጊዜ በመንሸራተቱ የመጣ ነው፤ ሰብሳቢዎች ዋጋ አይጨምሩበትም። ቅርጹ ራሱ ድርብ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ግን ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ከፍታ ይኖራቸዋል፣ ጫፋቸውም ላይ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ በግልጽ ይታያል።

ስህተት ያልሆነውን ስህተት ብለው ከሚሸጡም ይጠንቀቁ። በ1887 እና በ1889 ብር ላይ አንበሳው የሚያነሣው የፊት ግራ እግሩን ነው፤ በ1892 እና በ1895 ግን ቀኝ እግሩን ነው። ይህ ታስቦበት የተለወጠ ንድፍ እንጂ የተሳሳተ ቀረጻ አይደለም። የ1936 ዓ.ም. 25 ሳንቲምም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፣ በመጠን ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በ50 ማሳለፍ ጀመሩ፣ በዚህም ምክንያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ በሆነው ተተካ። የሞገዱ አቆራረጥ በአንዳንዱ ሸካራ፣ በአንዳንዱ ልስልስ ነው፤ ሸካራውን አይቶ «ሰው በሞረድ ያበላሸው ነው» የሚል ነጋዴ የዕቃውን ታሪክ አያውቅም።

የእርስዎ መስመር ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ በብርነቱ መዝነው አይሽጡት። ከጎን በመጣ ብርሃን ሁለቱንም ገጾችና ጠርዙን ፎቶ አንሥተው ከክብደቱ ጋር እዚሁ ይለጥፉልን፤ እስከዚያው ድረስ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት፣ ሲያነሡትም ጠርዙን ብቻ ይያዙ።