ትንሽ የጠበቃ ቢሮ ልግባ ወይስ ባንክ ልጠብቅ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ለሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልድገመው፦ ህግ ጨርሰሻል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል፣ ስራ ፍለጋ ስድስት ወር ከዞርሽ በኋላ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሶስት ጠበቆችና አንዲት ጸሀፊ ብቻ ያሉበት የነጋዴ ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ «ረዳት ሆነሽ ግቢ» ብሎሻል፣ ሀሙስ ሊያናግሩሽ ቀጥረውሻል። አባትሽ ደሞ «ባንክ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ጠብቂ፣ እዛ ጠባብ ቢሮ ገብተሽ ወረቀት ስታመላልሺ እንዳትቀሪ» ብለውሻል። «ጋሼ፣ ትንሽ ቢሮ ሰው ያሳድጋል ወይስ ያስቀራል?» ነው ያልሽኝ። የቢሮውን እሴት በምን እንደምታውቂ፣ ስለ ቋንቋና ለአባትሽ ምን እንደምትያቸውም ጠይቀሽኛል።

አባትሽ የሚሉትን ቀለል አድርጌ አላየውም። ባንክ ደሞዙ በቀኑ ይገባል፣ ህክምና አለው፣ ቆይተሽ የቤት ብድርም ታገኛለሽ፣ አምስት አመት ሙሉ ያስተማረ አባት ልጄ የተረጋጋ ቦታ ትግባ ቢል እውነቱን ነው። ግን እኔ እንደዛ አይነት ቢሮ ውስጥ ሰባት አመት በረዳትነት ሰርቻለሁ፣ እና ካየሁት ተነስቼ ስነግርሽ የቢሮው ስፋት ወይ የጠበቃው ብዛት ምንም አይነግርሽም። መጠየቅ ያለብሽ ያ ቢሮ የሰው አደራ እንዴት ነው የሚይዘው የሚለውን ነው። አደራ የሚያውቅ ከሆነ ሶስትም ሆኑ ሰላሳ ያሳድጉሻል፣ ካልሆነ ግን ቶሎ ነው የምትበላሺው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሰራው ሁሉ ይጋባል።

የሚመጡትን ሰዎች እስቲ አስቢያቸው። ከሊሙ ከጎማ ከማና ቡና የሚሰበስብ አቅራቢ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሆቴል ጀምሮ ኮንትራክተሩ ጥሎት የሄደ፣ አባታቸው ሲሞት አንድ ሱቅ ለስድስት የወረሱ ወንድማማቾችና እህትማማቾች፣ አይሱዙ በሽርክ የገዙ ጓደኛሞች። አብዛኛው ስራውን በቃልና በስልክ ነው የሚሰራው፣ ደሞ ለረጅም ጊዜ ሰርቶለታል፣ ስለዚህ አትናቂው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ቀን ቃሉ ሲታጠፍ ነው። ቡና ሲደርስ ለወዳጁ ብዙ ብር አበድሮ ወረቀት ያልያዘ ሰው ፊትሽ ቁጭ ብሎ «ስሙን አምኜ ነው የሰጠሁት» ሲልሽ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሁፍ ወይ ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመኑ ወይ በመሃላ ካልሆነ አይረጋገጥም የሚለውን የፍትሀ ብሄር ህግ ቁጥር 2472 ክላስ ውስጥ እንደሸመደድሽው አድርገሽ ልትነግሪው አትችይም። ህጉ በ1952 የወጣ ነው፣ 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ሰው ያንን ወለል አስታውሶ አያበድርም። ለዚህ ሰው እውነቱን ሳትደብቂ፣ ደሞ ሳትሰብሪው፣ «እስቲ በባንክ ያስተላለፍክበት አለ? በቴሌግራም የጻፈልህ አለ?» እያልሽ መፈለግ ነው ስራው። ይሄንን ባንክ የህግ ክፍል ውስጥ ቶሎ አታገኚውም፣ እዛ ያለሽ ደንበኛ አንድ ነው፣ እሱም ባንኩ ነው።

አሁን ስለ እሴት የጠየቅሽኝን በምሳሌ ልንገርሽ ምክንያቱም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ምንም አያሳይሽም። እኔ የነበርኩበት ቢሮ አንድ ከሰአት ሁለት ጓደኛሞች መጡ፣ አንዱ ገንዘብ ያለው ሌላው መኪናና የገበሬ ትውውቅ ያለው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ልንመሰርት ነው የመመስረቻ ጽሁፉን ዛሬውኑ ጻፉልን አሉ፣ እየተሳሳቁ ነው የገቡት። ትልቁ ጠበቃችን ብዕሩን አንስቶ ጥያቄ ጀመረ፣ መኪናው በስንት ተገምቶ ነው የሚገባው፣ ስራ አስኪያጁ ማነው፣ አንዳችሁ ድርሻዬን ልሽጥ ብትሉ ለማን፣ ከናንተ አንዱ ቢሞት ሚስትና ልጆቹስ? ባለመኪናው ተቆጣ፣ «ገና ሳንጀምር ታሟርትብናለህ እንዴ» ብሎ ተነሳ። ጠበቃው ብዕሩን ክዳኑን ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ተነጋገሩበትና ተመለሱ፣ ዛሬ ብጽፍላችሁ ብር እቀበላለሁ እንጂ አልጠቅማችሁም» አላቸው። እውነት ለመናገር እኔ በጣም ነው የተናደድኩት፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ነበር።

በሳምንቱ ተመለሱ፣ የመኪናውን ዋጋ ተከራክረው ጨርሰው ነው የመጡት። ጻፈላቸው፣ ከዛ ደሞ አንድ ገጽ ለብቻ ጽፎ አስፈረማቸው፣ ለሁለታችሁም ስለሰራሁ ብትጣሉ ለአንዳችሁም አልቆምም የሚል። ከሶስት አመት በኋላ ተጣሉ። ባለገንዘቡ መጥቶ ክሰስልኝ አለ፣ የጠራው ክፍያ ቢሮው በሁለት ወር የማያገኘው ነበር፣ ጠበቃው ያቺን ገጽ ከፋይል አውጥቶ አሳየውና ወደ ሌላ ጠበቃ ላከው። ትምህርት ቤት የጥቅም ግጭት የሚሉሽ ይሄ ነው፣ ለጠበቆች ስነምግባር በወጣው ደንብም የተጻፈ ነው፣ ግን እኔ የገባኝ የዛን ቀን ነው።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ገና በገባሁበት አመት ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን ለጓደኛዬ «እገሌ እኮ ዛሬ ቢሮ መጥቶ ነበር» አልኩት። በቃ ይቺን ብቻ ነው ያልኩት፣ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጅማ ደሞ ታውቂያታለሽ፣ ነጋዴው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሰውየው ጠበቃ ጋ ገባ ሊከስር ነው መሰለኝ ተብሎ አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንዴ መጡበት። ሰውየው የመጣው ለልጁ ድርሻ ሊያስተላልፍ ነበር። ቢሮ ገብቶ አልጮኸም፣ ጸሀፊዋን ፋይሉን ጠየቃት፣ ቆሞ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ከኪሱ ባወጣው የኬሻ ክር አሰረና ወጣ። እኔን ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ጠበቃው ከዛ በኋላ እኔ ፊት ስልክ ደውሎ «ወሬው የወጣው ከኔ ቢሮ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለው፣ ረዳቴ ነው አላለም። የሙያ ሚስጥር ማውጣት በወንጀል ህጋችንም የሚያስጠይቅ ነገር ነው፣ ግን ህጉን ተዪው፣ ደንበኛ ቢሮ መምጣቱ ራሱ ሚስጥር መሆኑን እኔ የተማርኩት በሰው ንብረት ነው፣ አንቺ በኔ ተማሪ።

ስለዚህ ሀሙስ ስትሄጂ ቀደም ብለሽ ድረሺና ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ በይ፣ ዝም ብለሽ አዳምጪ። የሌላ ሰው ጉዳይ በሩ ተከፍቶ እየተወራ ነው? ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ፋይል ስሙ ለገባው ሁሉ ይታያል? ጸሀፊዋን እንዴት ነው የሚያናግሯት? ይሄኛው ትልቅ ነገር ነው፣ በትንሽ ቢሮ ቀጠሮ የምትይዘው፣ ሬጅስትራር ጋ የምትሮጠው፣ ደንበኛ ሲያለቅስ ውሀ የምትሰጠው እሷ ናት፣ እሷን የማያከብር ጠበቃ አንቺንም አያከብርሽም። የቀጠሮ መዝገባቸውን የማየት እድል ካገኘሽ እዪው። የፍትሀ ብሄር ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ከስራ ተባርሬያለሁ ወደ ስራዬ ልመለስ የሚል ሰራተኛ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አይታይለትም፣ እንዲህ አይነቱን ቀን በጭንቅላቱ ይዞ የሚሄድ ቢሮ አንድ ቀን ሰው ያጠፋል።

ጥያቄ አለሽ ሲሉሽ ደሞ አፍረሽ የለኝም አትበይ። አንደኛው ጥያቄሽ ሶስታችሁ ድርጅት ናችሁ ወይስ ኪራይ ነው የምትጋሩት የሚለው ይሁን። ድሮ ጠበቃ በግሉ ነበር የሚሰራው፣ በፌደራል ደረጃ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፣ እና ብዙ ቦታ በሩ ላይ አንድ ታፔላ ቢኖርም ውስጡ ሶስት የተለያየ ሰው ነው። ይሄ ነውር አይደለም፣ ግን ቀጣሪሽ ማን እንደሆነ፣ ስራ የሚሰጥሽ ማን እንደሆነ፣ የአንዱ ደንበኛ የሌላውን ደንበኛ ሲከስ ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ አለብሽ። መልሱን ሲመልሱልሽ ፊታቸውን እዪ፣ አስበውበት የሚያውቁ ሰዎች ቶሎ ይመልሱልሻል።

ሌላው የራስሽ ውል ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም ይላል፣ ውሉ በጽሁፍ ካልሆነም አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ በጽሁፍ እንዲሰጥሽ ያዛል። ለሰው ሁሉ ውል የሚጽፍ ቢሮ ለገዛ ሰራተኛው ካልጻፈ እኔ ልቤ አይቀበለውም። ደሞዝሽ ትንሽ ቢሆንም ግብሩ ይቆረጥ፣ ጡረታውም ይግባ፣ ካንቺ 7 በመቶ ከነሱ 11 በመቶ ነው። ብዙ ልጆች ይሄን ንቀው በእጅ ሲቀበሉ ኖረው በኋላ የስራ ልምድ ደብዳቤያቸው ግብር የተከፈለበት ማስረጃ የለውም ተብሎ ሲመለስባቸው አይቻለሁ፣ ያንቺ ደሞ ነገ ለጥብቅና ፈቃድም ለባንክም የምታቀርቢው ነው።

ስለ ቋንቋ የጠየቅሽኝ ቀላል ነው። የክልሉ ፍርድ ቤት የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ መናገር ከቻልሽ ግማሹን አልፈሻል፣ ግን ሰፈር የምናወራው ለክስ አይበቃም፣ ወሊገልቴውን (ውሉን)፣ ሂማታውን (ክሱን)፣ ኦልእያኖውን (ይግባኙን) በትክክል መጻፍ ተለማመጂ። አዲስ አበባ ካለ ላኪ ወይ ባንክ ጋ የሚደረገው ውል በአማርኛ ነው የሚመጣው፣ ከውጭ ገዢ ጋ ያለው በእንግሊዝኛ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የህግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ ውሳኔዎቹ የሚታተሙባቸውን ቅጾች ማንበብ አታቁሚ፣ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የምትታወቂው «ይሄን ሰበር እንዲህ ብሎ ወስኖታል» ብለሽ ወረቀቱን ይዘሽ ስትገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሰማሽ ሻይሽን ሳትጨርሺ ውጪ። ለደንበኛ «አታስብ፣ እናሸንፋለን፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጠበቃ ካለ እዛ ቤት ደሞዙ እጥፍ ቢሆንም አትግቢ። ይሄን የምለው ስለ ጽድቅ ብቻ አይደለም፣ እንደዛ የሚል ሰው ኬዙን አያነብም፣ ማስረጃ አይሰበስብም፣ አንቺም ከሱ ምንም አትማሪም፣ ስሙ ሲበላሽ ግን ያንቺም አብሮ ይበላሻል። ያመነ ነጋዴ ጠበቃውን ለልጁ ያወርሳል፣ የተከዳው ደሞ ለከተማው ይናገራል።

ለአባትሽ ምን ልበላቸው ላልሽው፣ አትከራከሪያቸው። «አባዬ፣ የባንክ ማስታወቂያ ሲወጣ አመለክታለሁ፣ እስከዛው ግን 60 የስራ ቀን ልሞክረው» በያቸው፣ እውነትም ነው፣ የሙከራ ጊዜው ላንቺም መሞከሪያ ነው። ሙከራውን ስትጨርሺ የጻፍሽውን ክስና ውል ቁጠሪ፣ አንድ እንኳን ራስሽ አርቅቀሽ ጠበቃው በቀይ አርሞ የመለሰልሽ ከሌለ፣ ፎቶኮፒና መልእክት ብቻ ከሆነ፣ ያኔ አባትሽ ትክክል ናቸው ማለት ነው፣ እኔ ራሴ ባንክ ሂጂ እልሻለሁ።

የውሉን ረቂቅ ቀድመው ከሰጡሽ እስከ ረቡዕ ማታ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን፣ ስትልኪው ግን የቢሮውንም የጠበቆቹንም ስም በወረቀት ሸፍነሽ አንሺው።