ከቻይና ቡፌ ቅር ብሏችሁ ለጻፋችሁልን

ከፍሎ ገብቶ፣ ሳህን ሞልቶ፣ ግማሹን ትቶ መነሣት ያናድዳል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሼፉን ይወቅሳሉ፤ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓት ነው ባይ ነን።

ጥያቄ፦ የተጠበሰው ዶሮ ሲያዩት ያጓጓል፤ ስነክሰው ግን ልፍስፍስ ያለ ነው። በደንብ ሳይጠበስ ቀርቦልኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም። ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ኩርሽም ይል የነበረ ዶሮ ሊሆን ይችላል። የተጠበሰ ዶሮ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ሥጋው እርጥብ ነው፤ ተከምሮ ሲቀመጥ ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና ቅርፊቱን ያረጥበዋል። በዚያ ላይ ጣፋጩ ሶስ ከፈሰሰበትና ከተከደነ በቃ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቅርፊት ብሎ ነገር የለም። ክዳኑን አንሥተው የውስጥ ፊቱን ይዩት፤ ውሃ አቁሮ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ የሚንጠባጠበው ዶሮው ላይ ነው። ትሪው ራሱ የሚሞቀው ከሥሩ ባለ ሙቅ ውሃ ነው። ይህ አሠራር ለወጥና ለሾርባ ይስማማል፤ ለጥብስ ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ በጥልቅ ትሪ የተቆለለውን ይለፉት፤ ጥልቀት በሌለው ትሪ በትንሽ በትንሹ የሚቀርበውና ቶሎ ቶሎ የሚተካው ይሻላል። ሶሱ ለብቻው ከቀረበልዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ዶሮውን ደረቁን ወስደው ጠረጴዛዎ ላይ ያጥቅሱት።

ጥያቄ፦ ኑድሉ ሙጫ፣ የሥጋው ሶስ ደግሞ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። ተቃራኒ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ መልካቸው ይለያይ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቆይተዋል። የበሰለ ኑድል ሙቀት ላይ ሆኖም ሶሱን መምጠጡን አያቆምም፤ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ መቆንጠጫ ሲነካው ይቆራረጣል። ሶሱን የሚያወፍረው ደግሞ በአብዛኛው የበቆሎ ስታርች ነው። ስታርቹ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅና ደጋግሞ ሲማሰል አቅሙ ይደክማል፤ ከሥጋውና ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥናል። ብሮኮሊ ካለ እሱን ይመልከቱ። አዲሱ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ የቆየው ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሙቀቱና ከራሱ የሚወጣው አሲድ ቀለሙን ይለውጡታልና። ብሮኮሊው ከገረጣ ቤቱ ትሪ የሚቀይረው ዘግይቶ ነው ማለት ነው፤ የቀረውንም በጥርጣሬ ይዩት።

ጥያቄ፦ ሩዙ ለብ ያለ ብቻ ነበር። ሆዴን ያመኝ ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ሰው ለሽሪምፕ ሲጨነቅ ሩዙን ይረሳዋል፤ እርስዎ መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ቡፌ ላይ የሚቆይ ሙቅ ምግብ እንደየአገሩ ደንብ ከ57 እስከ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ የለበትም፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ወደ 5 ዲግሪና ከዚያ በታች መሆን አለበት። በመካከሉ ባክቴሪያ ይራባል። ሩዝ ላይ የሚያሠጋው ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያው ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው ዘሩ) ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ለሰዓታት ሲቆይ ይራባና መርዝ ይሠራል፤ ይህ መርዝ ሩዙ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። መርዙ የሚያመጣው ማስታወክ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንድ ቀንም ይለቃል። ደም ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ወይም ውሃ እንኳ መያዝ ካቃተ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለብ ያለ ሩዝ ግን ከመጀመሪያውም አይወሰድ። አዲሱን ሩዝ በአሮጌው ላይ ሲገለብጡ ካዩ፣ እሱንም ይተዉት።

ጥያቄ፦ በልቼ ስወጣ ውሃ ጥም ገደለኝ። ኤምኤስጂ (ምግብ ለማጣፈጥ የሚጨመረው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት) ነው አይደል?

መልስ፦ ጨው ነው ብንል ይቀለናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው። ሶሱ ሳይከደን ትሪ ላይ ሲቆይ ውሃው እየተነነ ጨዋማነቱ ይብሳል። ኤምኤስጂ በክብደት ሲለካ ያለው ሶዲየም የገበታ ጨው ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። በቻይና ምግብ ቤቶች ላይ የተለጠፈው ክፉ ስሙ የመጣው በ1968 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ከታተመ ደብዳቤ ነው። ነጭ ሩዝ ይጨምሩ፤ ሥጋውን ሲያነሡ ጭልፋውን አዘንብለው ሶሱን ያንጠፍጥፉት።

ጥያቄ፦ የጀነራል ጾ ዶሮ የሚባለው፣ በሶስ የተለወሰው የተጠበሰ ዶሮ፣ ከረሜላ ሆነብኝ። ቻይናውያን እንዲህ ነው የሚበሉት?

መልስ፦ አይደለም። ምግቡን የፈጠረው የቻይናዋ ሁናን ግዛት ተወላጅ የሆነው ሼፍ ፔንግ ቻንግ-ኩዌይ ነው፤ ያኔ የሚሠራው ታይዋን ውስጥ ነበር፣ የእሱም ዶሮ ጣፋጭ አልነበረም። ስኳሩ የበዛው አሜሪካ ሲገባ ነው።

ጥያቄ፦ ቅሬታዬን እንዴት ልናገር? ራሴው አንሥቼ ስለበላሁ አፍራለሁ።

መልስ፦ ምን ያሳፍራል፤ ትሪውን እርስዎ አላቀዘቀዙትም። ግን አራተኛውን ሳህን ጨርሰው ሳይሆን በመጀመሪያው ይናገሩ፤ ሳህኑንም እንዳለ ያሳዩ። «ምግባችሁ አይረባም» ከማለት «ይሄ ሩዝ ቀዝቅዟል፤ ቀጣዩ ትሪ መቼ ይወጣል?» ይበሉ፤ አስተናጋጁ ለሼፉ የሚያደርሰው ነገር ያገኛል። ትኩስ ትሪ ካወጡልዎ ቁጭ ብለው ይብሉ። ያንኑ አሮጌ ትሪ አማስለው ከመለሱት ደግሞ ኃላፊውን ያስጠሩና ሒሳቡ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ። ለሌላ ጊዜ፣ ቤቱ በተመጋቢ ሲጨናነቅ ይግቡ፤ ትሪ ቶሎ ቶሎ የሚቀየረው ያኔ ነው። ምሳ አልፎ እራት ሳይደርስ የሚያዩት ሙሉ ትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከምሳ የተረፈ ነው።