ኮዱ የእኛ ነው፤ ስሙስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ የምንጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ለእህልና ለበርበሬ ነጋዴዎች የመጋዘን ገቢና ወጪ፣ ዱቤውንም ጭምር፣ በስልክ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርተናል። 14 ነጋዴዎች እየተጠቀሙበት ነው። ስሙን «አባይ ኤክሴል» አልነው። ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን «ትከሰሳላችሁ» ብሎ አስደነገጠን። ኮዱን እኮ የጻፍነው እኛው ነን፣ ንግድ ፈቃድም በዚሁ ስም አውጥተናል። ካልሆነስ «ጎጃም እህል» ብንለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ሠራችሁት። በጠፋ የዱቤ ደብተር ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል። ስሙን ግን ቀይሩት። አሁኑኑ፣ ተጠቃሚው 14 ብቻ ሳለ።

ሦስት ነገር ተደበላልቆባችኋል። ኮዱን የሚጠብቅላችሁ የቅጂ መብት ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው፣ ድርጅቱ የሚጠራበት። ገበያ ላይ ዕቃችሁን ከሌላው ዕቃ የሚለየው ደግሞ የንግድ ምልክት ይባላል፤ እሱ የሚመዘገበው ሌላ ቤት፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስገኝም። ፕሮግራሙ የራሳችሁ ላብ ሆኖ ስሙ የሰው ሊሆን ይችላል።

«ኤክሴል» የማይክሮሶፍት ነው። ለዚያውም የሂሳብ ሥራ፣ የእናንተው ሰፈር። ከፊቱ «አባይ» ብትጨምሩበትም አያድናችሁም፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄ ገዢው ይሳሳታል ወይ የሚለው ነው፤ አንድ የቡሬ ነጋዴ «ያ ኤክሴል የሚሉት በአማርኛ መጣ እንዴ?» ካለ አለቀ። ሊንዶውስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ማይክሮሶፍት «ከዊንዶውስ ጋር ይምታታል» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰሰ፣ ክሱ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተጎተተ፣ በ2004 ማይክሮሶፍት ራሱ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ስሙ ወደ ሊንስፓየር ተቀየረ። በገንዘቡ አትጓጉ። ያንን ሁሉ ጊዜ ጠበቃ ቀጥሮ መከራከር የቻለ ኩባንያ ነው።

«አባይ»ም ቀላል አይደለም። ወንዙ የሁላችን ነው፣ ግን አባይ ባንክ አለ። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃና በአገልግሎት ዓይነት ነው፤ በዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ምድቦች ሲኖሩ ሶፍትዌር 9ኛው፣ የባንክ ሥራ 36ኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ ዳቦ ቤትና ባንክ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። የእናንተ ፕሮግራም ግን ገንዘብ ነክ ነው። ነጋዴው የባንኩ መስሎት ሊያምናችሁ ይችላል፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

«ጎጃም እህል» ሌላ ጣጣ አለው። ምናልባት ማንም አይከሳችሁም፣ እናንተም ግን ማንንም መከልከል አትችሉም። የቦታ ስምና የዕቃ ስም ነዋ! ይህን በቡናችን አይተነዋል። መንግሥት ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ሲያመለክት መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ይርጋጨፌ ነው በ2006 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ያለፈው። በእነዚሁ ስሞች ሳቢያ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። ያ የአገር ጉልበት ነው፣ እናንተ ሁለት ናችሁ።

ታዲያ ምን እንበለው? ዕቃውን በቀጥታ የማይናገር ቃል ፈልጉ። የዲማና የዋሸራ አገር ልጆች ሆናችሁ ቃል አይቸግራችሁም። ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሥራችሁ ይሁን። ለምሳሌ «ጉንዳን» ብትሉት ስለ እህል አንድም አይልም፣ ግን እየሰበሰበ የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል። ይህንንም ቢሆን ሳታጣሩ እንዳትወስዱት። ባለሥልጣኑ ጋ ጠይቁ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ ፈልጉ፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ ድምፁ የሚቀራረበውን ሁሉ። ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር (የኢንተርኔት ማሰሻ) የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ፊኒክስ አሉት፣ ስሙ የሌላ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ቀጥለው ፋየርበርድ አሉት፣ እሱም የአንድ ዳታቤዝ ስም ነበር፤ ያኔ የተቆጡት ትልቅ ኩባንያ ሳይሆኑ እንደ እነሱው ኮዳቸውን በነፃ የሚያካፍሉ ሰዎች ነበሩ። ፋየርፎክስ የሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ማጣራቱ ሲያልቅ አስመዝግቡት፤ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። አንድ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ብራውዘር ወስጄ የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርኩበት። ፈቃዱ ቀይሮ ማከፋፈልን ይፈቅዳል። ስሙንና ዓርማውን እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፣ እህቴ። ፈቃዱ የሰጠሽ ኮዱን ነው። ዴቢያን የሚባል፣ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያዘጋጅ ቡድን ፋየርፎክስን በራሱ መንገድ እያስተካከለ ያከፋፍል ነበርና፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ «በዚህ አኳኋን በስማችን አይሆንም» ሲል አይስዊዝል ብሎ ሰየመው። እስከ 2016 በዚያ ስም ቆየ። የሞዚላ ፍርሃት ይገባኛል፤ አንቺ የጨመርሽው ነገር ቢበላሽ ተጠቃሚው የሚወቅሰው እነሱን ነው። የራስሽን ስምና ዓርማ አውጪለት። መግለጫው ላይ ግን ከየትኛው ፕሮግራም እንደተነሳሽ በግልጽ ጻፊ፣ ያ እውነት ስለሆነ ማንም አይከለክልሽም።